የአህያ ጭስ፣ የቁራ ጭስ

ጭሱ ምን ቀለም ነበረ?

እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። የአንዲት አሮጌ ፒካፕ ጭስ ጠቆረ አልጠቆረ ለማን ምን ይፈይዳል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በዚያ ቀለም ላይ ቃል ሰጥቻለሁ፤ በቃሌም ብሎን ታስሯል። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ፣ ባሌ ዛሬ አጠገቤ መኖሩ ጭምር፣ ከዚያች አንዲት ቃል የተነሣ ይመስለኛል። ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ልጅ ታቅፈው ገበያ ሲወጡ ነው። ከሕፃናት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቄ ፊደል ስለቆጠርኩ ይሁን ወይም በተፈጥሮዬ፣ የተጻፈ ነገር ሳላጣራ አላልፍም። ብዙ አልናገርም፤ ከተናገርኩ ግን ልክ መሆን አለበት። ባሌ ይመር በዚህ ጠባዬ “ሙፍቲዬ” ይለኛል። ሰው ፊት ሳይቀር “ቆይ፣ ሙፍቲዋ ፈትዋ ይስጡበት” እያለ ያስቅብኛል።

ይመር ሹፌር ነው። ያለን ንብረት አንዲት የናፍታ ፒካፕ ናት፤ በሁለታችን ቁጠባ የተገዛች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማያንስ። ሜዳ ላይ እንከን የላትም። ችግሯ ዳገት ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ዳገት ያልሆነ መንገድ ፈልጋችሁ አታገኙም። ከሁሉ የከፋው ከዓባይ ድልድይ ወደ መካነ ሰላም የሚያወጣው ነው። ጠዋት ጋቢ ለብሳችሁ የወረዳችሁበትን መንገድ፣ ቀትር ላይ ላባችሁን እየጠረጋችሁ ትወጡታላችሁ።

ሀጂ ሰይድ የሚባሉ የከተማችን ነጋዴ ከዓባይ ዳር በመስኖ የለማ ሽንኩርት እየገዙ ወደ ላይ ያስወጣሉ። ይመር አንድ ጊዜ ጭኖላቸው መኪናዋ ዳገቱ መሐል ላይ እምቢ አለች፤ እዚያው አደረ። ሽንኩርቱ ሸራ ሥር ላበ፤ ግማሹ ገበያ ሳይደርስ ሸተተ። ሀጂ አልተቆጡም።

“ይመርዬ፣ አፉ ብያለሁ” አሉት። “ግን ሽንኩርት ይቅርታ አያውቅም። መኪናህን አበርታና አንዴ እንሞክራት። መንገድ ላይ ሳትቆም ከወጣች ሥራው ያንተ ነው። ከቆመች ግን አንተም አትምጣ፣ እኔም አልጠራህም።”

ያለ ሀጂ ሥራ ፒካፗን የሚያኖር ጭነት በከተማችን አልነበረም። ይመር ከእሳቸው ዘንድ ተመልሶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመና፣

“ዘሃራ፣ ይቺ መኪና ካልወጣች ሸጫት እሄዳለሁ” አለኝ።

ወዴት ብዬ አልጠየቅሁም። የአጎቱ ልጆች ከረመዳን በኋላ በጅቡቲ አድርገው ወደ ሳዑዲ ሊነሡ እንደሆነ አውቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። ጀልባ ልንሳፈር ነው ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። እናቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ታስቀምጣለች።

እንግዲህ ነገሩ ይኼው ነው። መኪናዋ ትወጣለች፣ ወይም ይመር ይሄዳል።

ይመር ጉልበት መጨመሪያውን መንገድ ከሹፌሮች አፍ እየለቀመ መጣ። አንዱ “ፓምፑን አስከፍተው፤ ናፍታ በገፍ ይግባላት” ብሎታል። ሌላው “ቱርቦ አስገጥም።” ሦስተኛው “አዲስ አበባ በኮምፒውተር ያስተካክላሉ።”

“የኛ መኪና ኮምፒውተር የት አላትና?” አልኩት። “ሬዲዮም የላት።”

“እሺ፣ ፓምፑን እናስከፍታ። እርካሽ ነው፣ ወዲያው ይታያል።”

ከመኪናዋ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቀድሞ ጀምሬው ነበር፤ ያን ሳምንት በመዝገበ ቃላት ጨረስኩት። የገባኝን ነገርኩት። ናፍታ ለመቃጠል አየር ይፈልጋል። በደጋ አየሩ ስስ ነው። አየር ያጠራትን ሞተር ናፍታ ብታጠግባት አትበረታም፤ ያልነደደው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሙቀቱም ሆዷን ያቃጥለዋል። ቱርቦ ግን በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ገፍቶ ያስገባላታል። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ምግብ።

“ስለዚህ አስም አለባት በይኛ።”

“አዎ።”

“ሰው ሚስቱ ስለ ጎረቤት ታወራለታለች፤ የኔዋ ስለ ሞተር ሳንባ” አለ። ተስማማ ግን።

አቀስታ የሚኖሩ ጋሽ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ከተገለበጠ መኪና የተፈታ፣ ለኛ የሚሆን ቱርቦ ነበራቸው። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ አብሬ ሄድኩ። ቱርቦውን ሲገጥሙ፣ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ፈተው በሰፊ ቱቦ ሲተኩ፣ የአየር ፊልትሮውን ሲለውጡ አጠገባቸው ቆምኩ። ይመር ተሸማቀቀ፤ እሳቸው ግን ስጠይቃቸው ደስ እያላቸው ይመልሱልኛል።

“አሁን ትንፋሽ አገኘች” አሉ በማግስቱ ጠዋት። “ቀጥሎ ፓምፗን ቀስ እያልን እንከፍታለን። ለዚህ ግን ሰው ያስፈልገኛል። ዐይኔን ሞራ ጋርዶታል። ሞተርን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ጭስ ግን በጆሮ አይታይም።”

ጭነት ያለባት እንድትመስል ድንጋይ ጫንንባት። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አቀበት ላይ፣ መኪናዋ አብዝታ የምትስብበት ጠርዝ ዘንድ፣ እኔንና ራሳቸውን አቆሙ። ይመር ብቻውን ይነዳል። ሙሉ ረግጦ ሽቅብ ያልፈናል፤ እኔ ከኋላ ጭሱን አይቼ እናገራለሁ።

“ሁለት ቃል ብቻ ነው የምፈልገው፣ ልጄ” አሉኝ። “ግራጫ ከሆነ ‘አህያ’ በይኝ። ጥቁር ከሆነ ‘ቁራ’። አህያ ጭነት ይችላል። ቁራ ሬሳ ላይ ነው የሚያርፍ። አህያ ካልሺኝ የፓምፗን ብሎን ሩብ ዙር እጨምራለሁ፤ ቁራ ካልሺኝ እመልስና እዚያው አስራታለሁ።”

“ቁራ እኮ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው፣ ጋሽ ሙሄ።”

ይመር መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። “አልነገርኳችሁም? ሙፍቲ ናት!”

“ነጩን ለሱ ተይለትና ጥቁሩን ንገሪኝ” አሉ እየሳቁ።

በመጀመሪያው ዙር ጭሱ ፈዛዛ ነበር። “አህያ!” አልኩ። ጨመሩ። በሁለተኛውም አህያ ነበር፤ የጠቆረ አህያ፣ ግን አህያ። ጨመሩ። መኪናዋ ድንጋይ ጭና እንደዚያ ስትወጣ አይቼ አላውቅም። ይመር በመስኮት እጁን አውጥቶ ጎኗን መታ መታ አደረጋት፤ እንደ በቅሎ።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ጉም መጣ። አቀስታ ያለችበትን ለጋምቦን የሚያውቅ የዚያን አገር ጉም ያውቃል። ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ዐይን እስክትጨፍኑ አይጠብቃችሁም። መኪናዋ ስታጓራ ሰማሁ፤ መብራቷ ታየኝ፤ በአጠገባችን አለፈች። ከኋላዋ የሆነ ነገር ተከተላት። ጉሙ ውስጥ ገብቶ ተቀላቀለ።

“እህ?” አሉ ጋሽ ሙሄ፣ ጆሯቸውን ወደኔ አዘንብለው።

አህያ ብል ሩብ ዙር ይጨመራል፤ ነገ በሀጂ ሙከራ፣ በዓባይ ሙቀት ያ ሩብ ዙር ሞተሯን ሊያቀልጣት ይችላል። ቁራ ብል ይቀነሳል፤ ከዳገቱ ለመውጣት የሚጎድላት ያው ሩብ ዙር ሊሆን ይችላል። በሁለቱም በኩል መጨረሻው ላይ የሚታየኝ ወንድሜ የጠፋበት ያ ባሕር ነበር።

“ቁራ” አልኩ።

ይመር ዞሮ መጥቶ ይህን ሲሰማ ከመኪናው ዘለለ። “ኧረ በአላህ! ጉሙን ነው ያየሽው!”

“ጉም ነጭ ነው” አልኩት። እውነት ነው፤ መልስ ግን አልነበረም።

“አንዴ ልድገምላችሁ፣ ጋሽ ሙሄ።”

“አትደግምም” አሉት። “ሰው አቆምኩ፣ የቆመው ሰው ተናገረ። ሚስትህን እዚህ ብርድ ላይ ያቆምኳት ቃሏን ልጥለው ነው እንዴ?”

ብሎኗን ሩብ ዙር መለሱ። ዳዶዋን አጠበቁ። ማንም እንዳይነካት ላይዋ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡባት። ድንጋዩን አራግፈን የዚያኑ ዕለት ወደ ቤታችን ተመለስን።

በማግስቱ በጠዋት ወደ ዓባይ ወረድን። ደምሴ የሚባል ሌላ ሹፌርም ለሀጂ ሊጭን መጥቷል። እሱ ፓምፑን ደሴ ላይ ሙሉ በሙሉ አስከፍቶ ነው የመጣው። እኔን ጋቢና ውስጥ መጽሐፌን ጭኔ ላይ አድርጌ ሲያየኝ አላስቻለውም።

“ይመር፣ ረዳትህ ናት ወይስ መምህርትህ?”

“ሁለቱም” አለ ይመር ሳይስቅ።

“በያ እህቴ፣ ስትቆምባችሁ ምዕራፍ አንድን አንብቢላት!”

ሽንኩርቱ ተጫነ። ደምሴ ቀድሞን ወጣ፤ ከኋላው ያለቀቀውን ጭስ ቀለም ለመለየት ማንም አይቸገርም ነበር። በሁለት ጥምዝ ከዐይናችን ተሰወረ።

እኛ በሁለተኛ ማርሽ ጀመርን። መኪናዋ ደህና ትስባለች፤ እንደ ትናንት ግን አልነበረችም። ይመርም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሐል ነበር። ከዚያ መሐሉን አለፈ።

“ማሞቂያውን ክፈተው” አልኩት።

“ምኑን?”

“የጋቢናውን ማሞቂያ። እስከ መጨረሻው። የሞተሩን ሙቀት ይቀንሳል፤ ተጽፏል።”

“በዚህ ፀሐይ! ልትቀቅይኝ ነው?”

“አብሽር፣ አብረን ነው የምንቀቀለው።”

ከፈተው። ፊታችን ላይ እሳት ነፈሰ። ላቡ ከአገጩ መሪው ላይ ይንጠባጠባል። መርፌው ግን ጥቂት ዝቅ አለና ቆመ። እንዲህ እያልን፣ መርፌው አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲወርድ፣ ባለፈው ጊዜ የቆመችበት ጥምዝ ደረስን።

ይመር ወደ አንደኛ ማርሽ መለሳት። መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከዚህ በታች ማርሽ የለም። መርፌው ቀዩን ነካ።

“ዘሃራ” አለ ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ “ውረጂ።”

ገባኝ። የአንድ ሰው ክብደት እንኳ ይቅለላት ነው። መጽሐፉን ወንበሩ ላይ ጣልኩ፤ በሩን ከፍቼ እየሄደች ዘለልኩ። የምትሄደው በሰው እርምጃ ልክ ነበር። ከጭነቱ ጠርዝ ታኮውን፣ ጎማ የሚደገፍበትን እንጨት፣ ስቤ ወሰድኩና ከኋላ ጎማው ጎን ጎን መራመድ ያዝኩ። ወደ ኋላ ከተንሸራተተች ከሥሯ ልወረውረው ነው። ከዚያ ጎማ ሌላ ዓለም ላይ ያየሁት ነገር አልነበረም። ጭሱ ፊቴ ላይ ነበር፤ ያስለኝ ነበር፤ ዐይኔ ያነባ ነበር። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጉም የለም። ቀና ብል ቀለሙን አየው ነበር። አላየሁም።

ጎማው አንዴ በቦታው የቆመ መሰለኝ። ታኮውን አነሣሁ። ከዚያ ጠጠር እየፈጨ ግማሽ ዙር ዞረ። ሌላ ግማሽ። ጥምዙን ጨረሰችና መንገዱ ትንሽ ለጥ ሲልላት ድምፅዋ ተለወጠ፤ ፈጠነች።

አልቆመልኝም። ሊቆምልኝ አይችልም፤ ከቆመ ያለቀ ነገር ነው። እጁን በመስኮት አውጥቶ አንዴ አወዛወዘና ሄደ። እኔ ታኮዬን ታቅፌ ዓባይ ዳገት መሐል ላይ ቀረሁ።

በእግር ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍርሃት የተጻፈ ሳነብ የማስታውሰው ያንን መንገድ ነው። እያንዳንዱ ጥምዝ ጋ ስደርስ፣ ከጀርባው ክዳኗን ከፍታ የቆመች ፒካፕ፣ ከጎኗ ራሱን የያዘ ይመር ይታየኛል። እዞራለሁ። ባዶ መንገድ። እፎይ እላለሁ። ሌላ ጥምዝ ይመጣል። የነዳጅ ጠብታ እንኳ ፈለግሁ፤ የፈላ ውኃ ምልክት ፈለግሁ። ምንም የለም። በኋላ አንድ አይሱዙ አግኝቶ ጫነኝ።

“ምን ተሸክመሻል?” አለኝ ሹፌሩ።

“ታኮ።”

“መኪናውስ?”

“እኔም እሱን ነው የምፈልገው።”

ሀጂ መጋዘን በር ላይ ስደርስ ፒካፗ ቆማ ሽንኩርት ይራገፍላታል። ደምሴ ቀድሞ ደርሶ፣ አራግፎ፣ ሻይ ይጠጣል፤ መኪናው ምንም አልሆነችም። ይህን የምጽፈው የሆነው ስለሆነ ነው። ፓምፑ ሙሉ የተከፈተው ሞተር አልተቃጠለም፤ የእኔ ቁራ ጠንቋይ አላደረገችኝም።

ይመር ሸሚዙ ላዩ ላይ ተጣብቆ ሀጂ ፊት ቆሟል። “ወላሂ አልቆመችም” ይላል። “አንድም ቦታ።”

ሀጂ እኔን ሲያዩ እጃቸውን አነሡ። “ቆይ፣ ቆይ። ዘሃራ መጣች። አንቺ ንገሪኝ፤ ቆማለች?”

ይመር አየኝ። አንድ ቃል ነው የሚፈልገው። “አልቆመችም” ብል አበቃ።

“እኔ እስካለሁበት አልቆመችም፣ ሀጂ” አልኩ። “ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም።”

ይመር ዐይኑን ጨፈነ። ደምሴ ሻዩ ትን አለው። ሀጂ አዩኝና ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

“በቃ! ለባሏ ብላ አንዲት ቃል የማትጨምር ሴት ያለችበት መኪና ነው የምፈልገው። ነገ ውረዱ።”

ሥራው እንዲህ የኛ ሆነ። ከረመዳን በኋላ የአጎቱ ልጆች ሄዱ፤ ይመር ቀረ።

እናንተ ደግሞ ታሪኩ እዚህ ያምራል፣ ተይው ትሉኝ ይሆናል። እኔን ግን የያዘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። “አላየሁም” የምትለዋ ቃል ሀጂ ፊት ሳትጠራ ከአፌ ወጣች። ለምን አቀስታ ላይ አልወጣችም? ጋሽ ሙሄ ሁለት ቃል ብቻ ስለሰጡኝ? አህያና ቁራ ሲሉኝ ሦስተኛ ያለ ስላልመሰለኝ? “አላየሁም፤ ጉሙ እስኪገለጥ እንጠብቅ” ብል ማንም አይቆጣኝም ነበር። ወይስ ጥቁሩን በእርግጥ አይቼው ኖሮ፣ ፍርሃቴ ነው በኋላ ያደበዘዘው? ስንት ጊዜ ዐይኔን ጨፍኜ መልሼ አየሁት። አንዳንዴ ጥቁር ነው። አንዳንዴ አህያ ነው።

ከዚያ ወዲህ የለወጥኩት አንድ ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተማሪ መጥቶ “ይኼ ነው ወይስ ያ?” ሲለኝ፣ ከሁለቱ አንዱን ከማንሣቴ በፊት ጥያቄው ሦስተኛ መልስ እንዳለው አያለሁ። ብዙ ጊዜ አለው። እናንተም ሁለት ምርጫ ብቻ ይዞ የመጣባችሁ ሰው ሲኖር፣ ያልሰጣችሁን ቃል ፈልጉት፤ መልሱ ከዚያ ይገኛል አልልም፤ ግን በኋላ እንደኔ ዓመት ሙሉ ጭስ አታሳድዱም።

ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ባለፈው ክረምት ይመርና እኔ ለናፍታ ተሰልፈን ጋቢና ውስጥ ተቀምጠናል። ሰልፉ ከማደያው እስከ ገበያው መግቢያ ይደርሳል። ዝናብ ይዘንባል፤ የሚነበብም የሚሠራም ነገር የለም።

“ይመር” አልኩት፣ “ያን ቀን አቀስታ ላይ፣ በሦስተኛው ዙር፣ ጭሱ ምን ቀለም እንደነበረ አላውቅም።”

ዞሮ አየኝ። “ቁራ አላልሽም?”

“ብያለሁ። ግን አላውቅም።”

ይስቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም። በእንፋሎት የደፈነውን መስታወት በእጅጌው ጠረገ።

“እኔም በዚያ ዙር ሙሉ አልረገጥኩም” አለ።

“ምን አልክ?”

“ግማሽ ነው የረገጥኩት። ጭሱ እንዲቀልና አህያ እንድትዪ። ጋሽ ሙሄ እንዲጨምሩልኝ።”

ይህን አሰብኩበት። “ሙሉ ብትረግጥ ይጠቁር ነበር ማለት ነው።”

“እንደ ከሰል! ስለዚህ ልክ ነበርሽ፣ ሙፍቲዬ። ተገላገልሽ።”

“አልተገላገልኩም። እኔ የምጠይቀው ያየሁትን እንጂ አንተ የረገጥከውን አይደለም።”

“ሱብሃነላህ” አለ፤ አሁን ሳቀ።

“ግን ለምን? ሞተሯ ልትቃጠል ትችል ነበር እኮ።”

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

“መሄድ ፈርቼ ነበር” አለ። “እሄዳለሁ እሄዳለሁ እልሽ የነበረው ባፌ ነው። ወንድምሽ በዚያ ባሕር እንዴት እንደጠፋ እያየሁ … ዳገቱን ትውጣልኝ እንጂ ብትቃጠልም በኋላ ትቃጠል ብዬ ነበር።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“አንቺስ?”

ከኋላችን ያለው ሹፌር ክላክሱን ነፋ፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ከፊታችን ባዶ ሆኖ ኖሯል። ይመር ቁልፉን አዞረ።